ባዶ እጁን ወጣ

እኔ ጸሐፊው ነበርኩ፣
የሐኪሙ የሊካይቶስ የሰም ገበታ ተሸካሚ፤
እሱ ሲዳስስ፣ ሲያሸት፣ እኔ አጎንብሼ ቃል ለቃሚ።
ከኮስ በጀልባ ተሻግረን ካሊምኖስ የደረስን ለት
ወደቡ ላይ ጎልማሳ አየን፣ አሮጌ መረብ ላይ ያስተኙት፤
ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል፣ ቀጭን፣ እንደ ክር የሚጎተት።

ካርሚሎስ ይሉታል። ስፖንጅ ለቃሚ፣ የለቃሚ ልጅ፤
ድንጋይ ታቅፎ ይሰምጣል፣ ማጭድ ይዞ በአንድ እጅ፤
በገመድ ይስቡታል፣ የሳበውን አየር ሲፈጅ።

ካህኑ መጣ። «የባሕሩ ጌታ ተቆጥቷል» አለ፤
«ነጭ ፍየል ይታረድለት!» ጣቱን ወደ ሰማይ እየሰቀለ።
እናትየው ፍየል ልትበደር ሮጠች።

ሊካይቶስ ቁጢጥ አለ።
«ስንት ክንድ ወረድህ? ትናንት ማታ ምን በላህ?
ሕመሙ ላይ ነው የጀመረህ፣ ወይስ ገና ታች ሳለህ?
ነፋሱ ከወዴት ነበር? ሌሊቱንስ ተኛህ?»
ደሙን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።
«ጨው ጨው ይላል» አለኝ፣ «ጻፍ»።
ጻፍኩ።

ያን በጋ ከጀልባ ጀልባ ዞርን፤
የጠላቂውን ሁሉ ጆሮ በኩራዝ አየን፣ ቆጠርን።
ከአሥራ ዘጠኝ ሰዎች የአሥራ አንዱ ጆሮ ፈንድቷል፤
ዘይት ባረሰው ስፖንጅ ጆሮውን ያሰረ ግን ብዙው ተርፏል።
«እንግዲህ» አለ ሊካይቶስ፣ በጢሙ ውስጥ እየሳቀ፣
«ወይ አምላክ ዘይት ይወዳል፣ ወይ ውሃው ነው ያደቀቀ።»

እውነቱን ልናገር፤ ሁሉም አልዳነ።
ሲማክሶስ የሚሉት ነበር፣ ገና ጢም ያላወጣ፤
ገመዱ ተቋጠረበት፣ ዘግይቶ፣ ጠቁሮ ወጣ።
አሳለው፣ አተኮሰው፣ በሰባተኛው ቀን ሞተ።
«ምክንያቱን ምን ልበል?» ብዬ መምህሬን ጠየቅሁት።
«ያየኸውን ጻፍ። ‹አላወቅንም› የሚል ጨምርበት።»
ከተማርኩት ቃል ሁሉ ያ ነው የከበደኝ፤
ብዕሩ በሰሙ ላይ እንቢ አለ፣ አንሸራተተኝ።

ካርሚሎስ ከባሕር ታግዶ
አርባ ቀን እንደ አራስ ከቤት ዋለ፣
ከጀልባው ባለቤት ጋር በየቀኑ እየተማለ።
በአርባኛው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ አየሁት፤
ማጭድ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ከረጢቱንም ጥሎት።
ክንዱን ዘረጋ። ዘለለ።
አየር ላይ አንዴ ታጠፈ፣
ውሃው እንደ ከንፈር ተከፍቶ ዋጠውና ዝም አለ።

ቆጠርኩ፤ መቁጠር ልማዴ ነው። ሃምሳ ስደርስ ወጣ፣
ባዶ እጁን፣ እየሳቀ። የጀልባው ባለቤት በቁጣ
«ምን አመጣህ?»
«ምንም!»
«ታዲያ ምን ልትሠራ ወረድህ?»
«ልወርድ!»

በማግስቱ ሁለት ሆኑ፤ በሳምንቱ ሰባት፣ ስምንት።
ሽማግሎች ዓለት ላይ ተደርድረው ይፈርዳሉ፤
«የዚህኛው ውሃ ረጨ፣ የዚያኛው ጉልበት ታጠፈ» ይላሉ፤
ሽልማቱ አንድ እንስራ ወይን፣ እሱንም ዳኞቹ ይጠጣሉ።

ማታ ሊካይቶስ ጠርቶ «የካርሚሎስን ጻፍ» አለኝ።
«ምን በሽታ ልበለው?» ብል፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለኝ።
«በሽታ አይደለም። ‹አርባኛ ቀን። ጆሮው ደረቀ።
ባዶ እጁን ወጣ፤ ሳቀ።›»

መምህሬም ካርሚሎስም አሁን የሉም፤ እኔ አርጅቻለሁ።
ያን ገበታ ፀሐይ ላይ ረስቼው አንድ ቀን ቀልጦ አገኘሁ፤
ከሰሙ ሥር ወርቅ አልነበረም፣ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ፤
ጨው ነው።
ዛሬም ከገደሉ ጫፍ ልጅ ሲዘል ባየሁ ቁጥር
ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ፤
ሃምሳ ሳይሞላ አልተነፍስም።